ዘንቢልዎን ይዘው ከመውጣትዎ በፊት

እሁድ ጠዋት ነው። የደብረ ብርሃን ብርድ ጆሮ ይቆነጥጣል። ጋቢዎን ደርበው፣ ዘንቢልዎን አንጠልጥለው ከግቢ ወጡ። ቦርሳዎ ውስጥ ለወሩ አስቤዛ የመደቡት ብር አለ፤ ስንት እንደሆነ እርስዎና ባለቤትዎ ብቻ ናችሁ የምታውቁት። ጎረቤትዎ ትናንት ማታ በአጥር በኩል «የሸማቾች ሱቅ ዘይት ገብቷል» ብላ ሹክ ብላዎታለች። የመሥሪያ ቤት ጓደኛዎ ደግሞ «ሽንኩርት የእሁድ ገበያ ነው» ብሏል። የእኔ እናት እዚህ ቢኖሩ ኖሮ ሁለቱንም ሰምተው ዝም ይሉና «ሱቅ ለሱቅ ምን ያዞራል? ገበያ መውረድ ነው» ይሉ ነበር።

ታዲያ ርካሹ የቱ ጋ ነው?

ይህን ጥያቄ ለዓመታት ይዤ የዞርኩ ሴት ነኝ። ተወልጄ ያደግሁት እዚሁ ደብረ ብርሃን ነው፤ ትዳር ይዤ ሁለት ልጆች የማሳድገውም እዚሁ ነው። ብዙ ተሞኝቼ፣ አንዳንዴም ቀንቶኝ፣ አንድ ነገር ገብቶኛል። ዕቃ ከረከሰ፣ የሆነ ቦታ ላይ የቀረ ነገር አለ። የቀረው የሱቅ ኪራይ ሊሆን ይችላል። የደላላ ድርሻ ሊሆን ይችላል። የእርስዎ ጊዜ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴ ደግሞ የቀረው ራሱ ዕቃው ነው። ስለዚህ «ስንት ነው?» ብለው ከጠየቁ በኋላ በልብዎ «ምን ቀርቶ ነው?» ብለው ይጨምሩ።

የታሰረው ጋሪ

ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት አልዲ የሚባለውን የሱፐርማርኬት ስም ሳይሰሙ አይቀሩም። አሜሪካ ያለችው እህቴ መጀመሪያ የገባች ቀን የደነገጠችው በጋሪው ነበር። ጋሪዎቹ በሰንሰለት ታስረዋል፤ አንዱን ለመፍታት ሳንቲም ይከታሉ፣ ሲመልሱት ሳንቲምዎን ይወስዳሉ። «እዚህም እምነት የለም ማለት ነው?» አለችኝ በስልክ። ነገሩ ግን የእምነት አልነበረም። ጋሪውን ደንበኛው ራሱ ከመለሰ፣ ጋሪ ሰብሳቢ ሠራተኛ መቅጠር አያስፈልግም።

ይህ ሱቅ የተጀመረው በጀርመን አገር ኤሰን በምትባል ከተማ በ1913 እ.ኤ.አ. አንዲት እናት በከፈተችው ትንሽ ሱቅ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ካርልና ቴዎ አልብሬኽት የሚባሉት ሁለት ልጆቿ ተረከቡት። አገሩ ፈርሷል፣ ሰው ገንዘብ የለውም። ወንድማማቾቹ ሱቁን ከማሳመር ይልቅ መቀነስን መረጡ። ሌላው ሱፐርማርኬት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የዕቃ ዓይነት ሲደረድር እነሱ በጣም ጥቂት ዓይነት ይዘው በብዛት ይሸጣሉ። ዕቃው መደርደሪያ ላይ አንድ በአንድ አይደረደርም፤ ከነካርቶኑ ይቀመጣል። አብዛኛው የራሳቸው ምልክት ያለበት ስለሆነ የማስታወቂያ ወጪ የለበትም። ከረጢት የሚሞላልዎት ሰው የለም፣ ራስዎ ይሞላሉ።

እዚያ የቀረው ምን እንደሆነ አዩ? ጌጡና አገልግሎቱ። ዱቄቱ ግን ዱቄት ነው፣ ወተቱም ወተት። እውነተኛ ቅናሽ እንዲህ ያለው ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የጅምላና የችርቻሮ ንግድን ለውጭ ባለሀብቶች ክፍት ስላደረገ አንድ ቀን እንዲህ ያለ ሱቅ በእኛም ደጃፍ ይከፈት ይሆናል። እስከዚያው ግን አስቤዛው አይጠብቅም።

እናቴና ድንጋዩ

እኛም አገር ቅናሽ አዲስ ነገር አይደለም። የእናቴ ትውልድ በቀበሌ የኅብረት ሱቅ ያለፈ ነው። በደርግ ጊዜ ስኳሩም፣ ሳሙናውም፣ ዘይቱም፣ እህሉም በመንግሥት ተመን በራሽን ይታደል ነበር። በወረቀት ላይ ካየነው ከዚያ የረከሰ ሱቅ ኢትዮጵያ ውስጥ ኖሮ አያውቅም።

እናቴ ግን ስለዚያ ሱቅ ሲያወሩ ዋጋውን አንስተው አያውቁም። የሚያነሱት ድንጋዩን ነው። ሌሊት ወጥተው በወረፋው ቦታቸው ላይ ድንጋይ ያስቀምጣሉ፣ ተመልሰው ልጅ ያጠባሉ፣ ሲነጋ ሄደው ድንጋያቸውን ይፈልጋሉ። አንዳንዴ ድንጋዩ አለ፤ ስኳሩ ግን አልቋል። «ስኳሩስ ርካሽ ነበር፤ ሌሊቱ ነው የተወደደው» ይላሉ።

ከዚያ ወዲህም ተመሳሳይ ነገር በእኛ ዕድሜ አይተናል። በታኅሣሥ 2003 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ መንግሥት በስኳር፣ በዘይት፣ በዳቦ፣ በሥጋና በሌሎችም ዕቃዎች ላይ የዋጋ ጣሪያ ሲያወጣ የደስታችን ብዛት! ሳምንት ሳይቆይ ግን ብዙ ዕቃ ከመደርደሪያ ተሰወረ። ከጥቂት ወራት በኋላ ጣሪያው ከአብዛኞቹ ላይ ተነሳ። የሌለ ዕቃ ደግሞ የቱንም ያህል ቢረክስ ለቤት አይጠቅምም።

ሸማቾች ሱቅና የእሁድ ገበያ

አሁን ወደ ዘንቢልዎ እንመለስ። ዛሬ በየሰፈራችን ያለው የሸማቾች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሱቅ ከቀበሌው ሱቅ ጋር ይምታታብናል፤ ወረፋውም ስለሚመሳሰል አይፈረድብንም። በሕግ ግን ሌላ ነገር ነው። የኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ ቁጥር 985/2009 እንደሚለው ባለቤቶቹ አባላቱ ናቸው። ዕጣ ይገዛሉ፣ ዕጣው ቢበዛም ባያንስም እያንዳንዱ አባል አንድ ድምፅ አለው፣ ትርፍ ሲኖርም ይከፋፈላል። ስለዚህ ከዚህ ሱቅ ዋጋ ላይ የሚቀረው የነጋዴው ትርፍ ነው፤ ቢያንስ መቅረት ያለበት እሱ ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። አባል ነዎት? ከሆኑስ ለመጨረሻ ጊዜ ጠቅላላ ጉባኤ የተገኙት መቼ ነው? እኔ ለሰባት ዓመት አባል ሆኜ አንድም ቀን ሄጄ አላውቅም ነበር። ዘይት መጣ ሲባል ግን ከሁሉም ቀድሜ እቆማለሁ። ጉባኤ ላይ የሚወራው ደግሞ ዘይቱ ስንት ጄሪካን እንደመጣና ለማን እንደተከፋፈለ ነው። ወረፋ ላይ ሆነን የምናጉረመርመውን በሙሉ እዚያ መጠየቅ እንችል ነበር።

ሸማቾች ሱቅ የሚሄዱት ለዘይትና ለስኳር፣ ሲገኝም ለዱቄት ነው። ዘይቱን በተመለከተ ለአዲስ ሙሽሮችና ከቆላ ለመጡ ጎረቤቶቻችን አንድ ምክር አለኝ፦ የፓልም ዘይት በደብረ ብርሃን ብርድ ይረጋል። ጄሪካኑ ውስጥ ነጭ ሆኖ እንደ ሞራ ቢያዩት ተበላሽቷል ብለው እንዳይመልሱት። ፀሐይ ላይ ወይም ምድጃ አጠገብ ያስቀምጡት፣ ይፈታል። የሱፍ ዘይት እንዲህ አይረጋም።

የእሁድ ገበያ ደግሞ ሌላ ሂሳብ አለው። በአዲስ አበባ ተጀምሮ ወደ ክልል ከተሞች የተስፋፋው ይህ ገበያ የሚያስቀረው ኪራይንና በገበሬውና በእርስዎ መካከል የቆሙትን እጆች ነው። ግን ሁሉም ድንኳን አንድ አይደለም። አንዱ ጋ ከገበሬዎች ዩኒየን የመጣ ጤፍ ይሸጣል፤ አጠገቡ ደግሞ በሳምንቱ ውስጥ ሱቁ የሚያውቁት ነጋዴ ያንኑ ዕቃ በዚያው ዋጋ ዘርግቶ ይጠብቅዎታል። ድንኳን ስለተከለ ብቻ ዋጋ አይወርድም። «ከየት ነው የመጣው?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም። ሽንኩርቱና ቲማቲሙ ከሸዋ ሮቢት በኩል ከወጣ ትኩስ ነው፣ መንገዱም አጭር ነው። ድንቹና ነጭ ሽንኩርቱ ግን የእኛው ደጋ ምርት ስለሆነ በአዘቦት ገበያም ከዚያ ባልተናነሰ ዋጋ ያገኙታል።

ሰዓቱንም ይምረጡ። ጠዋት የሄደ ያማርጣል። ወደ ማታ የሄደ ዋጋ ያስወርዳል፤ ቲማቲም የጫነ ሰው ተሸክሞት መመለስ አይፈልግማ። ለወጥ ዛሬውኑ የሚከትፉት ከሆነ ማታ ይሂዱ። ለሳምንት የሚያቆዩት ከሆነ ግን የማታው ቲማቲም ማክሰኞ ላይ ያስቆጭዎታል።

ወደ አንኮበር ቁልቁል

እናቴ «ገበያ መውረድ ነው» ሲሉ መውረድ የሚለውን ቃል እንዲያው በዘፈቀደ አልነበረም የሚጠቀሙበት። ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ካለችው አንኮበር በታች አልዩ አምባ አለች። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የአልዩ አምባ የዓርብ ገበያ ከሐረርና ከአፋር በኩል የሚመጡ ነጋዴዎች ከደገኛው ጋር የሚገናኙበት ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. ወደ ሸዋ የመጣው የእንግሊዝ መልእክተኛ ዊልያም ኮርንዋሊስ ሃሪስ ስለዚህ ገበያ ጽፏል። በዚያ ዘመን የሚገበያዩት በአሞሌ ጨው ጭምር ነው። አሞሌ የሚገርም ገንዘብ ነበር፦ ከጨው ሜዳው በራቀ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል። ምንጩ አጠገብ ብዙ አሞሌ የሚጠይቀው ዕቃ፣ ሩቅ አገር ላይ በጥቂቱ ይገዛል። ርቀት ዋጋ ነው፤ አያቶቻችን በእጃቸው ይዘውት የሚዞሩት ነገር ነበር።

ዛሬም ያው ነው። ገብስና ባቄላ ከአንኮበር ገጠር ገበያ ላይ ሲገዙ የሚያስቀሩት የመጓጓዣውን ዋጋ ነው፤ ግን መጓጓዣው አልጠፋም፣ ወደ እርስዎ ነው የዞረው። ለስሌት እንዲመቸን በክብ ቁጥር እንያዘው። አንድ ኩንታል ገብስ ከከተማው ዋጋ 400 ብር ረክሶ አገኙ እንበል። የእርስዎ ትራንስፖርት ደርሶ መልስ 200 ብር፣ የኩንታሉ ጭነት 100 ብር፣ ለጫኝና አውራጅ 50 ብር። ቀኑን ሙሉ ደክመው ያተረፉት 50 ብር ነው። ሦስት ኩንታል ለሦስት ቤት ከገዙ ግን 1,200 ብር ቅናሽ ላይ ወጪው 650 ብር ይሆንና 550 ብር ይተርፋል። መንገዱ ያው፣ ድካሙም ያው፤ ልዩነቱ አብሮ መግዛቱ ነው።

ጊዜውንም ይዩ። በእኛ አካባቢ የመኸሩ እህል ከኅዳር እስከ ጥር ወደ ገበያ ይገባል፤ በደጋው የበልግ ገብስም ዝናቡ ከሰመረ ክረምቱ መግቢያ ላይ ይደርሳል። ገበሬው ብር የሚፈልግበትና እህሉ የሚበዛበት ጊዜ አንድ ነው። ነሐሴ ላይ ጤፍ የሚገዛ ሰው የጎተራውንም ኪራይ አብሮ ይከፍላል። ጤፍን ነቀዝ አይደፍረውም፤ ደረቅ ቦታ ከተቀመጠ ብዙ ይቆያል። ለባቄላና ለሽንብራ ግን ብርዱ ቢያግዝዎትም ዓይንዎን አይንቀሉ።

ቅቤም እንዲሁ ነው። ሁሉም ሰው ቅቤ የሚገዛው የፋሲካ ሰሞን ነው፣ ዋጋውም ያኔ ነው ሰማይ የሚወጣው። በሁዳዴ ወተት የሚጠጣው ሰው ሲያንስ ላሟ መታለቧን አታቆምም፤ ወተቱም ወደ ቅቤ ይዞራል። በጾሙ አጋማሽ ገዝተው፣ በኮረሪማና በኮሰረት አንጥረው ቢያስቀምጡ ለበዓሉ ይደርሳል። ሲገዙ ደግሞ መጀመሪያ ትንሽ ገዝተው ያንጥሩና ምን ያህል እንደወጣው ይመዝኑ። አረሩና ውኃው የበዛ ርካሽ ቅቤ ከተነጠረ በኋላ ከውዱ በልጦ ሊገኝ ይችላል።

የአማቼ ዶሮ ወጥ

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ልንገርዎት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለፋሲካ ዋዜማ የተፈጨ በርበሬ አንድ ቦታ በጣም ረክሶ አገኘሁ። ቀለሙ ደም ይመስላል። ሁለት ኪሎ ሸመትኩ፤ ባለቤቴ ጋ ሄጄም ተኩራራሁ። በበዓሉ ቀን አማቼ ከነቤተሰባቸው መጡ። ወጡ ድስቱ ውስጥ ቀይ ውኃና ደለል ሆኖ ተለየ። ቢቁላላ ቢቁላላ አልዋሃድ አለ፣ ጥርስ ላይም ይንቆራጠጣል። አማቼ ጨዋ ሰው ናቸው፤ ምንም አላሉም። እንቁላሉን በእንጀራ ጠርገው ጠርገው በሉ።

በርበሬ ላይ የሸክላ አፈር፣ ማር ላይ ስኳር፣ ቅቤ ላይ ባዕድ ስብ እንደሚቀላቀል በየጊዜው በዜና የምንሰማው ነው። ያን ቀን የቀረው ኪራይ አልነበረም፣ ደላላም አልነበረም፤ በርበሬው ራሱ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዛላውን እገዛለሁ። አደርቃለሁ፣ ቀንጥሼ እደልዛለሁ፣ ወፍጮ ቤት ሲፈጭም አጠገቡ እቆማለሁ። ይደክማል። ግን የምበላውን አውቀዋለሁ።

በሲኒ የሚገዛው ሰው

እስካሁን የነገርኩዎት በሙሉ ለአንድ ዓይነት ሰው የሚሆን ምክር ነው፦ ወሩ መጀመሪያ ላይ እጁ ላይ ብር ላለው። አንድ ቀን ማታ ሰፈራችን ያለው ኪዮስክ ጨው ልገዛ ስገባ ከእኛ ግቢ ጀርባ የምትከራይ ሴት ዘይት በትንሽ መለኪያ ስታስቀዳ አገኘኋት። በየቀኑ ሠርታ በየቀኑ የምትከፈል ሴት ናት። ዘይቱን በፌስታል ቋጥራ ወጣች። ቤት ገብቼ አሰላሁት።

አሁንም በክብ ቁጥር እናድርገው። አምስት ሊትር ጄሪካን 1,500 ብር ከሆነ ሊትሩ 300 ብር ነው። የሊትር አንድ አሥረኛ በ40 ብር የሚገዛ ሰው ግን ሊትሩን በ400 ብር እየገዛ ነው። በወር ሦስት ሊትር ለሚፈጅ ቤት ልዩነቱ 300 ብር፣ በዓመት 3,600 ብር ይሆናል። አሥራ ሁለት ሊትር ዘይት ማለት ነው፤ ለአራት ወር የሚበቃ። ከሁላችንም ያነሰ ገቢ ያላት እሷ፣ ከሁላችንም የበለጠ ትከፍላለች። ባለ ኪዮስኩን አልወቅሰውም፤ እሱም ፍራንኩን አስሮ፣ በብርድ እስከ ሦስት ሰዓት ማታ ቆሞ ነው የሚሸጥላት። ግን ርካሹን ሱቅ ከእሷ የሚያርቀው መንገዱ አይደለም፤ በአንድ ጊዜ የሚጠየቀው ብር ነው።

ሳምንቱን ሳስበው ከረምኩና ለአንዲት አስተማሪ ጎረቤቴ አማከርኳት። ዕቁቡንም ማኅበሩንም የምናውቅ ሰዎች ነን፤ የምንፈጥረው አዲስ ነገር አልነበረም። ወሩ ሲገባ እኔና አስተማሪዋ የጄሪካኑንና የኩንታሉን ብር እናዋጣለን። ሦስተኛዋ ድርሻዋን በአራት ሳምንት በየቅዳሜው ትከፍላለች። መጀመሪያ እምቢ ብላን ነበር። «ሥራ ባይኖርስ?» አለች። ከሌለ ወደሚቀጥለው ሳምንት እንደሚዞር ተስማማን። እስካሁን ሁለቴ ዞሯል፤ ሁለቴም ከፍላለች። እንደውም የሸማቾች ወረፋ የሚቆመው ማን እንደሆነ ሲነሳ «እኔ በሌሊት መነሳት ልማዴ ነው» ያለችው እሷ ናት፤ ስለዚህ ብሩን እኛ፣ ሌሊቱን እሷ እናዋጣለን ማለት ነው። እናቴ ይህን ሲሰሙ ዕዳው የማን እንደበዛ ጠየቁኝ። እስካሁን አልመለስኩላቸውም።

ጤፉን የምናካፍለው በእኛ ግቢ ነው። ሰርገኛ ነው የምንገዛው፤ ማኛውን ለሠርግ ትተነዋል። ሚዛን ከወፍጮ ቤት እንዋሳለን፣ ልጆቹ ጆንያውን ይዘረጋሉ፣ አንደኛዋ ትሰፍራለች፣ ሁለቱ ያያሉ። መቶ ኪሎ ለሦስት ሲካፈል ሠላሳ ሦስት ሠላሳ ሦስት ይደርሰንና አንድ ኪሎ ይተርፋል። መጀመሪያ ወር ላይ በዚህች አንድ ኪሎ «አንቺ ውሰጂ፣ አይ አንቺ» እየተባባልን እንጀራ የሚያስጋግር ጊዜ አጠፋን። አሁን ምርቃት ብለናታል፤ በየተራ ትዞራለች። ጥር ላይ አስተማሪዋ ወሰደች፣ የካቲት ላይ እሷ።

መጋቢት የእኔ ነው።